ኮሎምቦን በአማርኛ ማናገር፦ የአንድ ክፍል የትርጉም ድምፅ ሥራ ማስታወሻ

ዲስኩ

እህቴ ከሜሪላንድ የላከችው «ኮሎምቦ» የተባለው የአሜሪካ የፖሊስ ተከታታይ ፊልም የመጀመሪያ ምዕራፍ የዲቪዲ ስብስብ ደርሷል። እናቴ ቤት ያለው ማጫወቻ ግን አልተቀበለውም። ዲቪዲ በክልል ይቆለፋል፤ አሜሪካ ክልል 1 ስትሆን ኢትዮጵያ ክልል 5 ውስጥ ነች። ስለዚህ ከኮምፒውተር ጋር በገመድ የሚገናኝ የዲስክ ማንበቢያ በ2,500 ብር ገዛሁ። የማንበቢያውን ክልል መቀየር የሚቻለው አምስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በመጨረሻ በተመረጠው ላይ ይቆለፋል። ወደ 1 ቀየርኩትና ተውኩት። የክልል 5 ዲስክ እንደሆነ በእጄ ገብቶ አያውቅም።

ለሥራው የመረጥኩት «መርደር ባይ ዘ ቡክ» የሚባለውን ክፍል ነው። በአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን የታየው እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 1971 ሲሆን ጸሐፊው ስቲቨን ቦችኮ፣ አዘጋጁ ያን ጊዜ ገና የ24 ዓመት ወጣት የነበረው ስቲቨን ስፒልበርግ ነው። የመረጥኩት ግን በስፒልበርግ ምክንያት አይደለም። እናቴ ደም ማየት አትወድም፣ የመኪና ማሳደድ ያደክማታል፣ «ማን ነው የገደለው?» እያለች ፊልሙን በየመሀሉ ታስቆማለች። እዚህ ደም የለም፣ ማሳደድም የለም፤ ገዳዩ ደግሞ ከመጀመሪያው በግልጽ ይታያል። ርዝመቱም ከአንድ ሰዓት ከሩብ ብዙም አያልፍም።

ታሪኩን ለማያውቅ፦ ኬን ፍራንክሊንና ጂም ፌሪስ «ሚስስ ሜልቪል» የምትባል መርማሪ ፈጥረው በጋራ የወንጀል ልብ ወለድ የሚያሳትሙ ሸሪኮች ናቸው። የሚጽፈው ግን ጂም ብቻ ነው። ኬን ቃለ መጠይቅ ይሰጣል፣ ይዘንጣል፣ እንግዳ ይጋብዛል። ጂም ቁም ነገር ያለው መጽሐፍ ብቻዬን ልጽፍ ብሎ ሽርክናውን ሊያፈርስ ሲነሣ፣ ኬን ከሳን ዲዬጎ አካባቢ ወዳለው የሐይቅ ዳር ቤቱ ይወስደዋል። ለሚስቱ ስልክ ደውሎ «ቢሮ እያመሸሁ ነው» እንዲላት ያደርግና ንግግሩን ሳይጨርስ ይተኩስበታል። ሚስቱ ጆአና ተኩሱን ሎስ አንጀለስ ሆና በስልክ ትሰማለች፤ ባሏ ቢሮው ውስጥ እንደተገደለም አትጠራጠርም። ኬን ሬሳውን በመኪና አምጥቶ የገዛ ቤቱ ሣር ላይ ይጥለዋል። ከዚያ በኋላ ያ የተጨማደደ ካፖርት የለበሰ ፖሊስ፣ መቶ አለቃ ኮሎምቦ፣ ይመጣል።

የግርጌ ጽሑፍ፦ የተተወው መንገድ

መጀመሪያ ያሰብኩት የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ነበር። ወጪ የለውም፤ ሰብታይትል ኤዲት የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ለመነሻ ያገኘሁት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ግን የተዘጋጀው በሰከንድ 25 ፍሬም ለሚሄደው የአውሮፓ ቅጂ ነው። ከዲስኩ የገለበጥኩት ፋይል በ23.976 ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ምንም አይታወቅም፤ ወደ መሀል ሲደረስ ጽሑፉ ከአፍ ቀድሞ ይሄዳል፤ መጨረሻው ላይ ልዩነቱ ሦስት ደቂቃ ያህል ይሆናል። ማለትም ኬን ተቀምጦ በንቀት እየሳቀ ሳለ ከሥሩ የእምነት ቃሉ ተጽፎ ይነበባል። ጽሑፉን በሙሉ ወደፊት በመግፋት ሊስተካከል አይችልም፤ አንዱን ቦታ ሲያስተካክሉት ሌላው ይበላሻል። መፍትሔው ፕሮግራሙ ውስጥ «የፍሬም ፍጥነት ለውጥ» የሚለውን ከፍቶ ከ25 ወደ 23.976 ማዞር ነው። ከዚያ በኋላ የቀረው ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ መዛነፍ ሲሆን እሱን በአንድ ጊዜ ገፋሁት።

ትርጉሙን ጓደኛዬ ሊያግዘኝ የመጨረሻውን ሩብ ወሰደ። ጨርሶ ሲልከው የማይነበብ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ መጣ። በድሮው ፓወር ግዕዝ ነበር የጻፈው። በእነዚያ ፎንቶች የተጻፈ አማርኛ ለኮምፒውተሩ አማርኛ አይደለም፤ ከፎንቱ ሲለይ ትርጉም የለሽ ምልክት ነው። ግዕዝ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል መለያ፣ የራሱን ቦታ ካገኘ ከእ.ኤ.አ. 1999 ጀምሮ ሃያ አምስት ዓመት አልፏል፤ የየቢሮው ኮምፒውተር ግን እስካሁን በሁለት ዓለም ይኖራል። መቀየሪያ ፕሮግራም ከመፈለግ ይልቅ ኪይማን በሚባለው የዩኒኮድ መተየቢያ እንደገና ተየብኩት። ጎን ለጎን አረፍተ ነገሩን ማሳጠር ስለነበረብኝ ጊዜው አልባከነም።

ፋይሉን በፍላሽ አድርጌ እናቴ ቴሌቪዥን ላይ ሰካሁት። ባዶ አራት ማዕዘኖች ተደርድረው ታዩ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ የግዕዝ ፎንት የለም፤ ከውጭም አይጫንበትም። ያለው አማራጭ ፊደሉን ከምስሉ ጋር ማጣበቅ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በሚባለው ፎንት፣ በሁለት መስመር፣ በየመስመሩ ከ28 ፊደል ሳይበልጥ፣ ጥቁር ጠርዝ ሰጥቼ አጣበቅሁት። ለእንግሊዝኛ የሚመከረው በመስመር 42 ፊደል ለእኛ አይሆንም፤ ፊደላችን ሰፊ ስለሆነ ከስክሪኑ ይወጣል፣ ከጠበበ ደግሞ «ሀ» እና «ሁ» ከሶፋ ላይ አይለዩም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሥራው የወደቀው በመጨረሻው ፈተና ነው። እናቴ መነጽሯን አድርጋ የመጀመሪያዎቹን ትዕይንቶች አየችና «አንዱን ሳልጨርሰው ሌላው ይመጣል፤ ሳነብ ደግሞ ፊታቸውን አላይም» አለች። በኮሎምቦ ፊት ካልታየ ምኑ ይታያል? ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ በቃና ቴሌቪዥን ቱርኮቹን በአማርኛ ሲናገሩ ለለመደ ሰው፣ እየተመለከቱ ማንበብ የተማሪ የቤት ሥራ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ለድምፅ ሥራ ስክሪፕት ሆነ።

ድምፅ፦ ዝግጅትና ቀረጻ

ለእያንዳንዱ ተዋናይ ድምፅ መስጠት ስቱዲዮና ብዙ ሰው ይፈልጋል። ፖላንዶች ፊልም በቴሌቪዥን የሚያሳዩበት መንገድ ይሻለኛል፦ የመጀመሪያው ድምፅ ከሥር ዝቅ ብሎ ይሰማል፣ አንድ አንባቢ በላዩ ትርጉሙን ያለ ትወና ያነብባል። አንባቢው እኔ ነኝ።

ያገለገለ የዩኤስቢ ማይክሮፎን፣ 4,500 ብር። የጠረጴዛ መቆሚያ አብሮት ነበር፤ ሰው ጠረጴዛውን በነካ ቁጥር ድምፁ ስለሚያልፍ ማይክሮፎኑን በታጠፈ ፎጣ ላይ አስቀመጥኩት። ድምፅ የሚያለዝበው ስፖንጅ ዋጋው አልተዋጠልኝም። በምትኩ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ በተሰቀለው ልብስ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ፣ ከኋላዬ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። የክፍሉ ማስተጋባት ጠፋ። ያልጠፋው ክረምቱ ነው። የቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲጀምር ቀረጻ ያበቃል፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ መጀመር ከንቱ ድካም ነው። ሌሊት ጸጥታ አለ፣ ግን የጎረቤት ውሾች አሉ። የተረፈው ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ያለው ጊዜ ነው።

የቀረጽኩት ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ፕሮግራም ነው፣ በ48,000 ኸርዝ፣ እንደ ዲቪዲው ድምፅ።

ስክሪፕቱን ሳነብ የታየው ችግር የርዝመት ነው። ኬን በአጭር በአጭሩ፣ እንደ ሰይፍ እየሰነዘረ ይናገራል፤ እሱ ይመቻል። ኮሎምቦ ግን ጀምሮ ያቋርጣል፣ ስለ ሚስቱ ያወራል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ወደ ጉዳዩ ይመለሳል። ሁሉን ልተርጉም ካልኩ አማርኛው ወደሚቀጥለው ሰው ንግግር ይገባል። መጀመሪያ የቆረጥኩት መንተባተቡን ነበር፤ ሳዳምጠው ፖሊሱ ብልህና ቀጥተኛ ሰው ሆኖ አረፈው። እንዲህ ያለ ፖሊስ ቢሆንማ ኬን ገና ሲያየው ይጠነቀቅ ነበር። መንተባተቡን መልሼ አስገባሁና በምትኩ መረጃ የሌላቸውን ሰላምታዎችና የጎንዮሽ ወሬዎች ቀነስኩ። ስለ ሚስቱ ከሚያወራው ግን አንድም አልነካሁም።

አውቶ ዳክ የበላው ማስረጃ

ከሥራው ሁሉ ረጅሙን ጊዜ የወሰደው ይህ ነው።

ኦዳሲቲ ውስጥ አውቶ ዳክ የሚባል መሣሪያ አለ። የፊልሙን ድምፅ ከላይ፣ የአንባቢውን ከሥር ታስቀምጣለህ፤ አንባቢው በተናገረ ቁጥር የላይኛውን በራሱ ዝቅ ያደርገዋል። ሲጫን የተመደበው ቅነሳ 12 ዴሲቤል ነው፣ ማለትም የድምፁን ሞገድ ቁመት ወደ ሩብ ያወርደዋል። በሁለት ንግግሮች መካከል ያለው ዕረፍት ከአንድ ሰከንድ ካነሰ ደግሞ ዝቅ እንዳለ ይቆያል። ሙሉውን ፊልም በአንድ ትእዛዝ አሳለፍኩትና በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ተቀምጬ ከመጀመሪያው አዳመጥኩ።

የክፍሉ መክፈቻ የጽሕፈት መኪና ድምፅ ነው። የኬን መርሴዲስ በከተማው መንገድ ይመጣል፤ ሙዚቃ የለም፣ የሞተር ድምፅ የለም፤ የሚሰማው ቁልፍ በወረቀት ላይ ሲመታ ብቻ ነው። ካሜራው ከፍ ያለ ሕንጻ ውስጥ ጂም ሲተይብ ያሳየናል፤ መኪናው በመስኮቱ ከሩቅ ከታች ይታያል። አንደኛው ይሠራል፣ ሌላው ይመጣል። ያ ቀቀቀቅ የሚል ድምፅ ማን ጸሐፊ እንደሆነ አንድ ቃል ሳይነገር አስታውቋል። እኔ ደግሞ ልክ በዚያ ላይ የተዋንያኑን ስም፣ የክፍሉን ርዕስና የአዘጋጁን ስም እያነበብኩ ነበር። አውቶ ዳክ ታዛዥ ነው፤ የጽሕፈት መኪናውን ከኔ ድምፅ ሥር ቀበረው። ስሞቹን በሙሉ አውጥቼ ጣልኩ። አሁን የመጀመሪያው የአማርኛ ቃል የሚሰማው በሩ ሲንኳኳና ጂም ሲከፍት፣ ኬን ሽጉጥ ደቅኖበት ሲቀልድ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት የባሰ ነው። የስልኩ ትዕይንት። ጂም ለጆአና እያወራ ነው፣ እኔ እየተረጎምኩ ነው፣ ተኩሱ ይመጣል። እኔ ግን ግማሽ ሰከንድ ዘግይቼ ስለምሄድ ተኩሱ የሚወድቀው በእኔ «እያመሸሁ» ላይ ነው። በዚያ ላይ በ12 ዴሲቤል ዝቅ ብሏል። ከሳሎን በሚጫወት ቴሌቪዥን ላይ በር የተዘጋ ይመስላል። የታሪኩ ምሰሶ ያ ድምፅ ነው፤ ሚስቱ ምንም አላየችም፣ ያላት ምስክርነት በጆሮዋ የገባው ብቻ ነው። እናቴ ተኩሱን ካልሰማች ጆአና ለምን እንደምትጮህ አይገባትም።

ንግግሩ ለብቻው፣ ሌላው ድምፅ ለብቻው የተለየ ትራክ ቢኖር ሁሉም ቀላል ነበር። የፊልም ድርጅቶች ለትርጉም ሥራ የሚልኩት እንዲያ ያለውን ነው። ዲስኩ ላይ ያለው ግን የ1971 የቴሌቪዥን ድምፅ ነው፦ ሞኖ፣ ሰውም መኪናም ሙዚቃም በአንድ ትራክ የተቦካ። ንግግር የሚለይ ፕሮግራም ሞከርኩ፤ የቢሊ ጎልደንበርግን ሙዚቃ ከሰው ድምፅ ጋር አብሮ ጠራርጎ ወሰደ፣ የተረፈውም ከበርሜል ውስጥ የሚመጣ ይመስል ነበር።

ስለዚህ አውቶ ዳክን ትቼ በኤንቨሎፕ መሣሪያ በእጅ ገባሁበት። ሞገዱ ላይ ነጥብ እየተከልኩ ድምፁን ባስፈለገ ቦታ ብቻ ዝቅ ማድረግ፣ ወዲያው መልሶ ማንሣት። ለተራ ንግግር 9 ዴሲቤል ይበቃል፤ ተዋናዩ ከሥር መሰማቱ ጥሩ ነው፣ ተመልካቾች ቁጣውንና ለስላሳነቱን ከራሱ ይወስዳሉ። ለስልኩ ትዕይንት ስክሪፕቱን ቀየርኩ። የጂምን የመጨረሻ አረፍተ ነገር አልተረጎምኩትም። ቢሮ መሆኑን ቀደም ብሎ ተናግሯል፤ ከዚያ በኋላ የሚለው ለሚስቱ እንጂ ለእኛ አይደለም። ከተኩሱ በፊት ሦስት ሰከንድ ያህል ዝም እላለሁ፣ የፊልሙ ድምፅ ሙሉ ነው።

ይህን ካደረግሁ በኋላ ሙሉውን ፊልም በዚሁ ዓይን እንደገና ሄድኩበት። በአንድ ነገር ላይ አቋም ይዣለሁ፦ አንባቢ ጥሩ የሚሆነው ባነበበው ልክ ሳይሆን በተወው ልክ ነው። የፊልሙ አሠሪዎች ካሜራውን በዝምታ አንድ ዕቃ ላይ ካቆሙት እኔ እዚያ ምንም ሥራ የለኝም። ኬን ሬሳውን ጥሎ፣ ፖሊስ ጠርቶ፣ ደብዳቤዎቹን ይከፍታል። ኮሎምቦ ቆይቶ ያነሣበታል፤ የሥራ ባልደረባው ሬሳ ደጁ ላይ ተጋድሞ ሒሳብ መጠየቂያ የሚያነብብ ሰው እንዴት ያለ ነው? በመጀመሪያው ቅጂ ደብዳቤዎቹ በሚታዩበት ቦታ ካለፈው ንግግር የተረፈኝን አረፍተ ነገር እያነበብኩ ነበር፤ የተመልካች ዓይን ደግሞ ጆሮውን ተከትሎ ይሄዳል። አረፍተ ነገሩን አሳጥሬ ቦታውን ባዶ አደረግሁት።

አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ

እንግሊዝኛው አንድ ቃል ይዞ ያልፋል፤ እኛ ገና አፋችንን ስንከፍት መምረጥ አለብን። ኮሎምቦ ሁሉንም «እርስዎ» ይላል፣ ኬንን ሲያስረውም። ትሕትናው ወጥመዱ ስለሆነ መላላት የለበትም። ጂምና ኬን «አንተ» ይባባላሉ። ያስቸገረችኝ ሊሊ ላ ሳንካ ነች። በመንገድ ዳር ሱቅ ያላት፣ የኬን መጻሕፍት አድናቂ፣ በዚያች ቀን ጂምን መኪናው ውስጥ ያየች ሴት ነች። መጀመሪያ በአክብሮት ታወራዋለች፤ ቆይታ በፈገግታ 15,000 ዶላር ስትጠይቀው «አንተ» ማለት ጀመረች። ዋናው ድምፅ ላይ ይህ ለውጥ የለም፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት። ሊሊን የምትጫወተው ባርባራ ኮልቢ በዚያ ቅጽበት አንገቷን ዘንበል አድርጋ የምታየው አስተያየት ግን «እርስዎ»ን አይሸከምም።

በአንድ ወንድ ድምፅ ሁሉን ማንበብም በስልኩ ትዕይንት አልሠራም፤ ባልና ሚስት ሲያወሩ ማን እንደሚናገር ይምታታል። የእህቴ ልጅ ሴቶቹን ሁሉ አነበበች። ማይክሮፎኑ ለእሷ ድምፅ ይበልጥ ስለሚጮህ የመቀበያውን መጠን ዝቅ አድርገን፣ ከአፏ አንድ ስንዝር አራቅነው። «ጴ» እና «ፕ» ሲፈነዱ ለመከላከል ከልጃገረድ ካልሲ የተሠራ ወንፊት በሽቦ ላይ ወጠርን። ዋጋው ካልሲው ነው።

ፋይሉን ማሰር

በኤምኬቪቱልኒክስ ምስሉን፣ የአማርኛውን ድምፅና የእንግሊዝኛውን ድምፅ በአንድ ፋይል አሰርኩ። አማርኛው ቀዳሚ እንዲሆን ምልክት ተደርጎበታል፤ ኮምፒውተር ላይ ያከብራል፣ ቴሌቪዥኑ ግን ምልክቱን ከቁብ ሳይቆጥር በመጀመሪያ የተደረደረውን ያጫውታል። ቅደም ተከተሉን ቀይሬ አማርኛውን ከላይ አደረግሁት። 32 ጊጋ ፍላሽ፣ 600 ብር። ጠቅላላ ወጪ 7,600 ብር ደረሰ፤ ማይክሮፎኑና ማንበቢያው ለሌላም ይሆናሉ።

የሙከራ ማሳያ

ቅዳሜ ከቡና በኋላ እናቴና ሁለት ጎረቤቶች አዩት። ከኋላ ተቀምጬ ማስታወሻ ያዝኩ።

የጽሕፈት መኪናው ሲጀምር እትዬ አንደኛዋ «ድምፁ ተበላሸ እንዴ?» አሉ። መኪናው በመስኮት ሲታይ ዝም አሉ። ተኩሱ ላይ ሁሉም ደነገጡ። ደብዳቤዎቹ ሲከፈቱ እናቴ ከፖሊሱ ቀድማ «ሰው ሞቶበት ደብዳቤ ይከፍታል?» አለች።

ያልሠራው፦ ኮሎምቦ ጆአናን ቤቷ አድርሶ ኩሽና ገብቶ እንቁላል የሚጠብስላት ቦታ። እንቁላል ይሰብራል፣ ያማታል፣ ዕቃ የት እንዳለ ይጠይቃል፣ በመሀል ስለ ባሏ ጥያቄ ይጥላል። ጥያቄዎቹን በዚያው የሥራ ድምፅ ስላነበብኳቸው እንደ ቃል መቀበያ ሆነ፤ ጎረቤታችን «ያዘነች ሴት እንዲህ ታፋጥጣለህ?» ብለው ተቆጡ። ኮሎምቦን የሚጫወተው ፒተር ፎክ እዚያ የሚናገረው ዓይኑን ከመጥበሻው ሳያነሣ ነው። ሊሊ በሻምፓኝ ጠርሙስ ከተመታች በኋላም የሐይቁ ላይ ትዕይንት ድምፁ በጣም ዝቅ ስላለ የርቀት መቆጣጠሪያው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

መጨረሻውም ክርክር አስነሣ። ጂም የሰማውን ሐሳብ ሁሉ በቁራጭ ወረቀት ይጽፍ ነበር፤ ኮሎምቦ ካገኛቸው ወረቀቶች በአንዱ የግድያው ዕቅድ በሙሉ ሰፍሯል፦ ሰውየውን ሩቅ ቤት ውሰደው፣ ለሚስቱ ስልክ ያስደውል። ኬን ይህን ሲሰማ ይሸነፋል፣ በሕይወቱ ያፈለቀው ብቸኛ ጥሩ ሐሳብ እሱ እንደነበርም ይናገራል። «በቁራጭ ወረቀት ሰው ይታሰራል? ጠበቃ ቢይዝ ይለቀቅ ነበር» አሉ እትዬ ሁለተኛዋ፣ ፍርድ ቤት ሲመላለሱ የኖሩ ናቸው። እኔም ያው ነው የሚመስለኝ፤ ወረቀቱ ለዳኛ አይበቃም፣ ለኬን ኩራት ግን ይበቃል። ይህን ለማስረዳት በንባቡ ላይ አንድ ቃል አልጨምርም።

ቀሪ ሥራ

የእንቁላሉን ትዕይንት እንደገና መቅረጽ፦ ቀስ ባለ ድምፅ፣ ከማይክሮፎኑ ጎን ዞሮ፣ በጥያቄዎቹ መካከል የመጥበሻው ድምፅ ሙሉ ሆኖ እንዲሰማ ቦታ ትቶ። የሐይቁን ክፍል በ4 ዴሲቤል ማንሣት። የጓደኛዬ ሩብ ውስጥ «ሻምበል» ተብሎ የቀረ አንድ ቦታ አለ፤ ሌላው ሁሉ «መቶ አለቃ» ስለሆነ ይታረማል። የእህቴ ልጅ ከፈተና በኋላ ነው የምትመጣው፣ እስከዚያ የወንዶቹን እጨርሳለሁ፣ ዝናቡ ከፈቀደ።